በእህቴ የቆጮ ጉድጓድ የቀበርኩት ፌስታል

ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ የወጣ ጊዜ አልጋዬ ሥር ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ ፌስታል ነበረኝ። ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ባለ መስመር፤ ትንሹም ትልቁም በየዓይነቱ ታስሮ። ሆሳዕና ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ሻጯም፣ ቲማቲም ሻጯም፣ ቡላ ሻጯም የሚወስዱት ከእኔ ነበር። ከዚያ በፊት ተሸካሚ ነበርኩ። ወገቤ እምቢ ሲለኝ ቀላል ነገር ልሽጥ ብዬ ነው የጀመርኩት። ነፋስ ከሚወስደው ዕቃ የበለጠ ቀላል ምን አለ? እንዲህ ነበር የማስበው፤ ሞኝ።

አዋጁን መጀመሪያ የሰማነው በሞንታርቦ ነው። መኪናዋ ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞረች። የሚጮኸው ልጅ አፉን ማይኩ ላይ ለጥፎት ስለነበር ግማሹን የሰማ የለም። በማግስቱ ወረቀት ተለጠፈ፤ ሴቶቹ እጄን ይዘው ወሰዱኝ። «ና አንብብልን፣ አንተ አይደለህ እንዴ የተማርከው» አሉኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ ነው፣ በቤተ ክርስቲያን የጎልማሶች ትምህርት። ለገበያው ግን ምሁር ነኝ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላቸው። የሚያመርት ይቀጣል። የሚሸጥ ይቀጣል። ይዞ የተገኘም ይቀጣል። በእጁ ያለው ሰው በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ያስረክብ። ከዛሬ ጀምሮ ደጋግሞ የሚያገለግል ወይም አፈር ውስጥ የሚበሰብስ መያዣ ተጠቀሙ።

«የሚበሰብሰው ደግሞ ምንድነው?» አለች አንዷ ቅቤ ሻጭ።

«ኮባ ነዋ» አልኳት።

«ኮባማ አስጣሉን እኮ!»

እውነቷን ነው። እናቶቻችን ቅቤውንም ቆጮውንም በእንሰት ቅጠል፣ በኮባ ጠቅልለው በቃጫ አስረው ነበር ገበያ የሚያወጡት። ከዚያ የከተማው ሰው ኮባ ያፈሳል፣ ኮባ ኋላ ቀር ነው፣ በፌስታል ካልሆነ አልገዛም አለ። የገጠሯ ሴት አፍራ ኮባዋን ጣለች፤ ከእኔ ፌስታል ገዛች። አሁን ደግሞ ያ ያሳፈራት ሰው ተመልሶ መጥቶ ኮባ ጥሩ ነው ይላታል። ፋብሪካውን የከፈተውን ሰው አይቼው አላውቅም፤ ሞንታርቦዋም እሱ ቤት አጠገብ የቆመች አይመስለኝም። የቆመችው እኔ መደብ አጠገብ ነው። ይህን ስል ግን አዋጁ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ከቄራው በታች ያለውን ወንዝ አይቼዋለሁ። ላም ሆድ ሲከፈት ምን እንደሚወጣም አይቻለሁ። የወጣው የእኔ ቀለም ነበር፤ ባለ መስመሩ።

ማስረከብ እችል ነበር። ወረቀቱ በግልጽ ይላል፤ ራሴ ነኝ ያነበብኩት። ግን በዚያው ሰሞን ሻይ ቤት አንድ ሰው ሲያወራ ሰማሁ። ሀደሮ ከተማ ነው አሉ፣ አንድ ነጋዴ በቅንነት ፌስታሉን ተሸክሞ ሄደ፤ ተቀብለውት ሲያበቁ «ከማን ገዛህ?» ብለው ከጠዋት እስከ ማታ አስቀመጡት። እውነት ይሁን ውሸት አላጣራሁም። ከማን ገዛህ! እኔ የማመጣው ከአንድ ትልቅ ነጋዴ ነበር፤ ስሙን የጠራሁ ቀን ገበያው ውስጥ ጨው የሚሸጥልኝ አላገኝም። ካልጠራሁ ደግሞ መንግሥት አለ። በሁለቱ መሃል እንደ ቆጮ ተጨመቅሁ።

እናም ደበቅኩት። የደበቅኩበትን ቦታ ስነግራችሁ የእኛ አገር ሰው ይሰቀጥጠዋል፤ የሌላ አገር ሰው ደግሞ ምን አለበት ይላል። ስለዚህ ላስረዳ። በእኛ ዘንድ እንሰት የሴት ነው። ወንድ ይተክላል፣ ይኮተኩታል። ሴቶቹ ተሰብስበው መፋቅ ሲጀምሩ ግን ወንድ ግቢው ውስጥ አይታይም፤ ነውር ነው። የተፋቀው የሚቀበርበትን ጉድጓድ ደግሞ ጭራሽ አይነካም። ጉድጓዱ የሴቲቱ ጓዳ ነው፤ የዓመት ምግቧ እዚያ ውስጥ ኮባ ለብሶ ነው የሚብላላው። ታዲያ እኔ ምን አሰብኩ? ፖሊሱ ወንድ፣ የቀበሌው ሰው ወንድ፣ ፈታሹ ወንድ፤ ወንድ የማይደርስበት አንድ ቦታ ቢኖር እሱ ነው አልኩ። በጥበቤ ኮራሁ።

ታላቅ እህቴ ከከተማ በጋሪ የሚደረስ ሌሞ የሚባል ቦታ ትኖራለች። ባሏ ሞቶባታል። አንዲት ላም፣ አንዲት ውሻ፣ ጥሩ የእንሰት ማሳ አላት። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። በጓሮዋ ሁለት ጉድጓድ ነበራት፤ አንደኛው ውሃ እየገባበት ካስቸገራት ወዲያ የተወችው ነው። ያንን መረጥኩ። ቀኑንም መረጥኩ፤ እሑድ ጠዋት፣ መንደሩ ሁሉ ጸሎት ቤት ሲሆን።

ባለ ጋሪውን የላም ፉርሽካ ነው አልኩት። አንዱን ማዳበሪያ ሲያነሳ ጎንበስ ብሎ ቀረ።

«ጋሼ፣ ይሄ ፉርሽካ ድንጋይ በልቷል እንዴ?»

«እርጥብ ነው።»

«እርጥብ ፉርሽካ ላም ይነፋል ይላሉ።»

«አንተ ሐኪም ነህ? ንዳ።»

ነዳ። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ ማዳበሪያዎቹ ላይ ተቀምጬ፣ ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር ሲንኮሻኮሹ እየሰማሁ በላብ ተጠመቅሁ። ያ ድምፅ እንጀራዬ ነበር፤ ስንት ዓመት ስሰማው ኖሬ አንድ ቀን አስፈርቶኝ አያውቅም።

ማዳበሪያዎቹን አስወርጄ ባለ ጋሪውን አሰናበትኩ፤ እህቴ ግቢ ማንም አልነበረም። ውሻዋ ታውቀኛለች፤ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብላ ተከተለችኝና ጓሮው ውስጥ ቁጭ ብላ ታየኝ ጀመር። የእህቴን ዶማ ከጓዳ አወጣሁ። ጉድጓዱ ላይ የተጫነውን የድሮ ድንጋይ አነሳሁ፣ አፈሩን ዛቅሁ፣ ማዳበሪያዎቹን ደርድሬ ከተትኩ። ከላይ ኮባ ቆርጬ አለበስኩት፣ ልክ ሴቶቹ እንደሚያደርጉት፤ አፈር መለስኩ፣ ድንጋዩን በቦታው ጫንኩ። ከኮረብታው ጸሎት ቤት መዝሙር ይሰማኛል። የእህቴ ድምፅ እዚያ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ዶማውን ሁለት ጊዜ ጣልኩት።

ከግቢው ወጥቼ ስሄድ እህቴ መንገድ ላይ አገኘችኝ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ባታነበውም የማትለየውን መጽሐፏን በክንዷ አቅፋ።

«ምነው፣ ቤት ሳልኖር?»

«ላይሽ መጥቼ ነበር፣ እትዬ።»

«እና ሳታየኝ ልትሄድ? ተመለስ!»

መለሰችኝ። ጎመን በቆጮ አቀረበችልኝ። ጀርባዬን ለጓሮው ሰጥቼ በላሁ። ጥፍሬ ውስጥ የጉድጓዷ አፈር ነበር።

«ያ የአዋጁ ነገር፣ ሥራህን ምን አረገው?» አለችኝ።

«አስረከብኩ» አልኳት።

«ጌታ ይባረክ!» አለች እጇን ወደ ላይ አንስታ። «ስጸልይልህ ነበር እኮ።»

ለሚስቴም ያንኑ ነገርኳት። «ወረቀት ሰጡህ?» ስትለኝ «ሰጡኝ» አልኩ። አንድ ውሸት ብቻውን አይኖርም፤ ዘመድ ይጠራል።

ከዚያ በኋላ ዘንቢል መሸጥ ጀመርኩ። የተሰጠው ጊዜ አለቀ። ገበያ ውስጥ መታወቂያ ያንጠለጠሉ ሰዎች መዞር ጀመሩ። ሴቶቹ ቅቤውን ወደ ኮባ መለሱ፤ አንዳንዷም ፌስታል ቀሚሷ ሥር እየደበቀች ትሸጥ ነበር፣ አንድ ቀን ስትያዝ አየሁ። የቲማቲም ሻጯ ናት። ወረቀት ዘርግተው ሲጽፏት ቲማቲሟ እየተንከባለለ ሰው እግር ሥር ይገባል፣ እሷ ግን አትለቅምም፤ እጇን አጣምራ ቆማ ነበር። እኔ ዘንቢሌን ጥዬ ከመደቡ ጀርባ ተደበቅሁ። ማን እንደሸጠላት ብትናገር አልቆልኝ ነበር። አልተናገረችም። ለምን እንዳልተናገረች ዛሬም አላውቅም።

ብቻ እየቆየ ፍርሃቱ ለመድ አለኝ። ቀብሬዋለሁ፣ ቀብሬዋለሁ እያልኩ እተኛ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሚስቴ ቁርስ እያቀረበች እንደ ዋዛ እንዲህ አለችኝ፦ «እህትህ ዛሬ ሴቶች ጠርታለች፤ ትፍቃለች። ሄጄ ላግዛት ነበር፣ ጉልበቴ ነው ያስቸገረኝ።»

«መልካም» አልኩ።

«ዘንድሮ ብዙ ነው የምትቆርጠው። አንዱ ጉድጓድ ስለማይበቃት የድሮውን አስጠርጋ ልትመልሰው ነው።»

የያዝኩት ብርጭቆ ወደቀ። ሚስቴ ብርጭቆውን አየች፣ እኔን አየች፤ ወለሉን ጠረገች።

ጋሪ ለመጠበቅ ትዕግሥት አልነበረኝም፤ ግማሹን መንገድ በእግሬ ሮጥኩ። በስተርጅና መሮጥ ያሳፍራል፤ ሰው ሁሉ ለቅሶ ያለ መስሎት «ማን ሞተ?» ይለኛል። ስደርስ የተፋቀ እንሰት ሽታ እስከ መንገዱ ወጥቷል፤ የሴቶቹ ሳቅ ይሰማል። የግቢው አጥር ጋ ስደርስ እግሬ ራሱ ቆመ። ልገባ አልችልም። ወንድ እዚያ አይገባም። ፌስታሌን ከመንግሥት ይጠብቅልኛል ያልኩት ነውር እኔኑ አጥር ላይ ገትሮ ያዘኝ።

«እትዬ!» ብዬ ተጣራሁ። «አንዴ ውጪልኝ!»

«ማነው እሱ?» አለች አንዷ ከውስጥ።

«ወንድሟ ነው። ሚስቱ አባራው ይሆናላ።»

«ና ግባ፣ ፋቅ! ጉልበት ካለህ!»

ሳቁ። በአጥሩ ክፍተት እህቴን አየኋት፤ እግሯን መፋቂያው እንጨት ላይ አስደግፋ፣ እስከ ክርኗ ነጭ ሆና ትፍቃለች።

«እጄ ቡላ ነው። ምን ሆነሃል? ሰው ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም።»

«ካልሞተ ቆይ።»

በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ምን ልበል? ያን አሮጌ ጉድጓድ አትንኪው ልበል? ለምን ብትለኝስ? አጥሩን ይዤ ቆሜ ሳለሁ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፣ ከአንዲት ወጣት ሴት ጋር። ሴቲቱ አንገቷ ላይ መታወቂያ አላት፣ እጇ ላይ መዝገብ። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የመጣች ናት። ለካ በየግቢው እየዞሩ፣ ከብት እየገደለ ነው እያሉ፣ ሰው ሜዳ ላይ የጣለውን ፌስታል ያስለቅሙ ነበር። ማንንም ሊፈትሹ አልነበረም የመጡት። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የታየኝ መታወቂያው ብቻ ነበር።

ሊቀመንበሩ ሴቶቹ እንደሚፍቁ ሲያይ እንደ እኔው አጥሩ ጋ ቆመ። ልጅቱ ግን በሀዲይኛ ሰላምታ ሰጥታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀጥ ብላ ገባች። ሴት ናት። የሚከለክላት የለም። ይህ ለአንድ ቀን እንኳ አስቤው የማላውቀው ነገር ነበር። መንግሥት ሴት ልጅ ሊልክ እንደሚችል አላሰብኩም!

«እናትሽ ታውቃለች መፋቅ?» አለቻት አንዷ።

«ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ።»

«ቢሮ ቁጭ ብለሽ እጅሽ ለስልሷል፤ ውሸትሽን ነው!»

ልጅቱ ሳቀች። ሊቀመንበሩም ከእኔ ጋር ወግ ጀመረ።

«ያ የፌስታል ነገር እንዴት ሆነ?»

«ተውኩት። አሁን ዘንቢል ነው።»

«ጎበዝ። ሰው እንዳንተ ቶሎ ቢገባው እኛም ባልደከምን።»

አንዲት ሴት ዶማ አንስታ ወደ አሮጌው ጉድጓድ ስትሄድ አየሁ። እህቴ ድንጋዩን አነሳች። «ይሄ ድንጋይ ማን ገለበጠው?» ስትል ሰማኋት። ዶማው አፈር መታ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ። ተንኮሻኮሸ። ያን ድምፅ ተኝቼም አውቀዋለሁ።

ሳቁ ቆመ። አንዷ ኮባውን ገፈፈች፤ ማዳበሪያው ተቀዶ ጥቁርና ሰማያዊ እስር እየጎተተች አወጣች። ከዚያ ባለ መስመሩን።

«እማማ፣ ይሄ የማን ነው?» አለች ልጅቱ።

እህቴ ጉድጓዱን አየች። ቀስ ብላ ቀና አለችና ወደ አጥሩ ተመለከተች። በክፍተቱ ዓይን ለዓይን ተገናኘን። በዚያ መንደር ፌስታል የሚሸጥ ወንድም ያላት እሷ ብቻ ናት፤ ማሰብ አላስፈለጋትም።

«የኔ ነው» አለች።

«የርስዎ? እርስዎ ይሸጣሉ?»

«ግቢው የኔ ነው። ጉድጓዱም የኔ ነው። እንግዲህ የማን ይሆናል?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሊቀመንበሩ ጆሮዬ ጋ ተጠግቶ «በዚህ ዕድሜዋ! ምን ሊሠራላት?» አለ። እኔም ራሴን ነቅንቄ «አይ ሰው!» አልኩ። በዚህ አፌ። «አይ ሰው!»

በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የከፋው ጉድጓድ መቆፈሬ አይደለም፤ እነዚያ ሁለት ቃላት ናቸው።

ልጅቱ ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ እህቴ ማንበብ እንደማትችል ተረዳችና የሚያነብላት የቤተሰብ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀች። «ወንድሟ አለ፣ አጥሩ ጋ!» አሉ ሴቶቹ፣ እንደ መኩራትም ብለው። ወረቀቱ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ መጣ። እህቴ እጇን ታጥባ ፊት ለፊቴ ቆመች፣ አጥሩ በመሃላችን። አነበብኩላት። በግቢዬ ተቀብሮ የተገኘው የተከለከለ ፌስታል የእኔ መሆኑን አምናለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ጽሕፈት ቤት እቀርባለሁ ይላል። አንድም ቦታ አልተደናቀፍኩም። ድምፄ ብቻ የእኔ አልነበረም። እህቴ ወረቀቱን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው። ስጨርስ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። እኔም ከሥሩ፣ አንብቤላታለሁ፣ ምስክር ነኝ ብዬ ፈረምኩ።

«እንዴት ጎበዝ ሆኗል!» አለች ከሴቶቹ አንዷ።

ከሐሙስ እስከ ሰኞ ያለውን እንዴት እንደማወራው አላውቅም። በር ሲንኳኳ እነሳለሁ፣ ሳይንኳኳም እነሳለሁ። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ብናገር እታሰራለሁ፤ ዝም ብል እሷ ትታሰራለች። ሌላው ደግሞ፣ ይህን መጻፍ ያሳፍራል፣ አንዳንዴ ልቤ «አሮጊት ናት፣ ይምሯታል፤ አንተን ግን አይምሩህም» ይለኝ ነበር። ከፖሊሱ ይልቅ ያ ድምፅ ያስፈራኝ ጀመር። ሚስቴ ወሬውን ከገበያ ሰምታ መጣች። ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች።

«አስረከብኩ ያልከኝ እሱን ነው?»

ዘንቢሎቼን መደራረብ ጀመርኩ።

«ያሳደገችህ እናት ናት እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ማወቅህ ምን ሠራላት?» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ሰኞ ጠዋት እህቴ ከሌሞ መጥታ መጀመሪያ እኛ ቤት ገባች። ነጭ ለብሳለች፣ ጸሎት ቤት እንደምትሄድ። ሚስቴ ቁርስ ሰጠቻት፤ ጥቂት ቀመሰች። ስለ ጉድጓዱ አንድ ቃል አልተናገረችም። ላሟ ወተት እንደቀነሰች አወራች። ከዚያ ተነስታ «እንሂድ» አለችኝ፤ ሁለታችን በእግራችን ሄድን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

ጽሕፈት ቤቱ በረንዳ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ተቀመጥን። ሌሎችም ሰዎች ነበሩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንድ ስም ይጠራል፤ በተጠራ ቁጥር እህቴ የነጠላዋን ጫፍ ትጨብጣለች። ከዚያ በፊት ቢሮ ገብታ አታውቅም። ባሏ ሲሞት እንኳ የሮጥኩላት እኔ ነበርኩ። አሁን ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ትጸልያለች። ለማን እንደምትጸልይ ልጠይቃት አልደፈርኩም።

ስሟ ተጠራ።

ተነሳች። ግድግዳውን ያዘች። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ቆርጬ አልነበረም የመጣሁት፤ ውሸት አልናገርም። እጄ ነው የቀደመኝ። ነጠላዋን ይዤ መልሼ አስቀመጥኳትና ብቻዬን ገባሁ።

ውስጥ ያቺ ልጅና አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ነበሩ። «ባለቤትየዋን ነው የጠራነው» አለ ሰውዬው ቀና ሳይል።

«ባለቤቱ እኔ ነኝ። የቀበርኩት እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም።»

ልጅቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሰውዬው ወረቀቱን ፈልጎ አወጣና ጣቱን ከሥሩ አኖረ።

«ይሄ ፊርማ የማን ነው?»

«የኔ።»

«የእሷ ነው ብለው አንብበው፣ መስክረው ነው የፈረሙት?»

«አዎ።»

«ውሸት መሆኑን እያወቁ?»

«እያወቅሁ።»

«አባባ፣ ይሄ ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት እንደሆነ ያውቃሉ?»

አላውቅም ነበር። አሁን ሁለት ሆነልኝ። ትዝ የሚለኝ መስኮቱ ላይ ያለች ዝንብ ናት፤ መስታወቱን ትመታለች፣ ትወድቃለች፣ ትነሳለች። ሰውዬው በቃል የተባለ አይሠራም፣ የእሷ ወረቀት የሚሰረዘው በጽሑፍ ካመለከቱ ብቻ ነው አለኝ። «ያስጽፉ፣ ውጭ ጸሐፊዎች አሉ።»

«ራሴ እጽፋለሁ» አልኩ።

ልጅቱ ወረቀትና መደገፊያ መዝገብ ሰጠችኝ። በረንዳው ላይ እህቴ አጠገብ ተቀምጬ፣ መዝገቡን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም። መስመሩ ወደ ታች ወረደ፤ አንድ ቦታ ላቤ ጠብ ብሎ ቀለሙን አጠፋው። እሑድ ቀን፣ እሷ በሌለችበት፣ ጉድጓዷን ቆፍሬ ብዬ ጻፍኩ። ከአጥር ውጭ ቆሜ ዝም አልኩ ብዬም ጻፍኩ፤ ማንም አልጠየቀኝም ነበር። እህቴ ፊደሎቹን እንደ ጉንዳን ሰልፍ ትከተላቸው ነበር። ምን እንደሚሉ አልጠየቀችኝም።

ሰውዬው አነበበው። ቀይ እስክሪብቶ አንስቶ እህቴ ጣቷን ባተመችበት ወረቀት ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መስመር አሰመረ። የእሷ አበቃ። የእኔ ተጀመረ፤ ቅጣት ተወሰነብኝ፣ መደቤ ታሸገ፣ ስለ ሐሰተኛው ምስክርነት ደግሞ ሌላ ቀን ተቀጠርኩ። ያ ቀጠሮ እስካሁን ይጎተታል። «ከማን ገዛህ?» ብሎ የጠየቀኝ ግን እስከ ዛሬ አንድ ሰው የለም።

ወጥተን ጋሪ መቆሚያው ድረስ ሸኘኋት። ጉድጓዱን ሴቶቹ አፈር እንደሞሉት ነገረችኝ፤ ወንድ የቆፈረው ውስጥ ቆጮ አናስቀምጥም ብለዋል። እኔ ሌላ ልቆፍርልሽ አልኳት። «ሴቶቹ ይቆፍራሉ» አለች።

ጋሪው ላይ ልትወጣ እግሯን አንስታ ቆመች። ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«ስሜን ሲጠሩ ፈጥኜ ገብቼ ቢሆን ኖሮ፣ ዝም ትል ነበር?»

ባለ ጋሪው ይጠብቃል። ሰው ያልፋል፣ ያገድማል። አልልም ብላት ደስ ይላት ነበር፤ እኔም ቃሉን አፌ ውስጥ አዘጋጅቼው ነበር።

«አላውቅም፣ እትዬ» አልኳት።

ያነሳችውን እግር ጋሪው ላይ አሳረፈች።

«እኔም አላውቅም» አለችና ወጥታ ተቀመጠች። ነጠላዋን ራሷ ላይ አስተካከለች። ባለ ጋሪው ፈረሱን ነካ አደረገው።